የግራዝማች ዳግም

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ የሚገረፈው በሬ መስሏት ነበር። ጓዳ ውስጥ የአረቄ ማውጫ ገንቦዋን ስታጥብ አለንጋው ከግድግዳው ማዶ ደጋግሞ ሲያርፍ ሰማችና ‹ደግሞ የማን ከብት አጥር ጥሶ ገባ› ብላ ሥራዋን ቀጠለች። በሬ ግን ሲመቱት ያጓራል እንጂ ጥርሱን ነክሶ በአፍንጫው አየር አይስብም። ያን አተነፋፈስ ታውቀዋለች። ልጆች ሆነው አባታቸው ሲቀጣቸው፣ እሷ ሰፈሩን በጩኸት ስታተራምሰው፣ ወንድሟ እንየው እንዲያ ይተነፍስ ነበር። ገንቦውን እንዳቀፈች ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከጭቃው የወጣ ጭድ ጉንጯን ወጋት።

«ማነው የላከህ?» ይላል ባሏ፤ አለንጋው ያርፋል። «ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ችሎት ስጠራ ‹አልቀረበም› ተብሎ ርስቴ እንዲሄድ ማነው የላከህ?» ደግሞ ያርፋል። «ወንድሜ ነው አይደል? ያ ሽማግሌ ቀበሮ!»

«ጌታዬ፣ ፍሬኑ ነው» አለ እንየው። «ፔዳሉ ይሰምጣል።»

«አንተን ነው የማሰምጥህ!»

ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል በመካነ ኢየሱስ ከተማ ሦስት ነገር ነበረው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ማዕረግ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስንት ዘመን የተሟገተበት የርስት ክርክር፣ እና ‹ዳማ› የሚሏት አሮጌ የጣልያን ጭነት መኪና። ክረምት መንገዱን ጭቃ ሲውጠው ዳማ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ ትተኛለች፤ ጥር ገብቶ አውድማው ሲነሣና መሬቱ ሲደርቅ ገብሱንና ባቄላውን፣ በጆንያው ላይ ደግሞ ሰውን ጭና ወደ ደብረ ታቦር ትወርዳለች። ሹፌሯም መካኒኳም እንየው ነው። እህቱን ያገባ ሰው መኪናውን ሰጠው፤ መኪናውን የሰጠው ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የልቡን ሊያደርግበት ይችላል። በአገሩ ደንብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ትናንት እንየው የፊት ጎማዎቹን አውርዶ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ተጭኖ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ለወጠ፤ ጎሚኒ የሚሏቸውን፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎችም አዲስ አስገባ። ዕቃው ከጎንደር መጥቶለት ነበር። የፍሬን ዘይቱ ቆርቆሮ ግን በመንገድ ተጨፍልቆ ኖሮ ሲከፍተው ባዶ ሆኖ ተገኘ። እንየው አልተደናገጠም። ሙያውን ያስተማረው የጎንደር መካኒክ፣ ጣልያን ወጥቶ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ሹፌሮች የጉሎ ዘይትና ጠንካራ አረቄ ደባልቀው ፍሬን ያሠሩ እንደነበር አጫውቶታል። ጉሎው ለጠፍር ማለስለሻ የተጨመቀ በቤቱ ነበር። አረቄውን ግራዝማች ራሱ ሰጠው። ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ የዳግሙን ጠርሙስ ከራስጌው አንሥቶ፣ «በል እንካ፤ ለሰው የማላቀምሰውን ለዳማ አጠጣት» ብሎ በሳቅ አቀበለው። ማንጠግቦሽ የዚያን ጊዜ ምንጭ ወርዳ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማችው ዛሬ፣ በግድግዳው በኩል፣ ወንድሟ በአለንጋ መካከል ሲናገረው ነው።

«ከራስዎ ጠርሙስ ነው የቀላቀልኩት፤ ምን ተንኮል አለው? ጠዋት ፔዳሉ ደንድኖ ነበር። ሙከራ ብዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ፤ ገና ከመንገድ እኩሌታ ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። ከገደሉ ግርጌ ጋር አሽቼ ነው ያቆምኳት። መከላከያዋን ይመልከቱት።»

ገንቦው ከማንጠግቦሽ እጅ አልወደቀም። እንዳቀፈችው መሬት ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ከእግዚአብሔርና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ በጠላ ሰው ነው፣ በጠጅም ሰው ነው፤ ዳግም ሲጠጣ ግን ክንዱ የእሱ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ በሙቀጫ ዘነዘና ወገቧን መታት፤ በሣልስቱ የአራት ወር ፅንስ ወረዳት። ለወንድሟ ‹ምንጭ ስወርድ አዳልጦኝ› አለችው። ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ጥላዬ ግን እውነቱን ነገረች። እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው፣ «ታገሺ ልጄ፤ ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ይጣፍጣል» አሏት። ታገሠች። እየታገሠች ግን ከጠርሙሱ ጥቂት ከጌሾው ሥር ደፍታ በውሃ መሙላት ጀመረች። በሳምንቱ ትንሽ ጨመረች፤ ጉሮሮ ማቃጠሉ እንዳይቀር ዝንጅብል ቀጥቅጣ ዘፈዘፈችበት። ኅዳር ሲገባ ከግማሽ በላዩ ውሃ ሆኖ ነበር። ባሏ ‹ዕድሜ ነው መሰለኝ፣ አረቄም አልይዘኝ አለ› እያለ በጊዜ ይተኛል። ዱላው ወደ ጥፊ፣ ጥፊው ወደ ስድብ ወረደ። ጸሎቷ የተሰማ መስሏት ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ አስገባች። እንግዲህ ያ ውሃ አሁን በዳማ ፍሬን ውስጥ ነው።

ስትወጣ ባሏ አለንጋውን ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ሸጉጦ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። እንየው ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ መኪናዋን ተደግፏል። ግራዝማች ሚስቱን አይቶ እንዳላየ፣ «ፀሐይ ከአናት ሳትዘል ይሠራ» አለ። «መንገደኛው እየመጣ ነው።»

እንየው እህቱን አየና ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። እሷም የጀርባውን ደም አየችና ዓይኗን ወደ አጥሩ አዞረች። ሁለቱ ወንድምና እህት ይህን ዓይነት ዝምታ ለምደውታል። እሱ ‹ባልሽ መታኝ› አይላትም፣ እሷም ‹ባሌ መታኝ› አትለውም፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ግን የሁለቱም ሕመም ነው። እንየው ከመኪናው ሥር ገብቶ ቱቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ፤ የሚንጠባጠብ የለም። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ እንደሆን ብሎ አየው፤ አልራቀም። ከዚያ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «እታለም፣ ጋቢና ላይ ውጪልኝ» አላት። «አየር ገብቶ ይሆናል። አንቺ ትረግጫለሽ፣ እኔ ከታች ብሎኑን ፈትቼ አስወጣዋለሁ። ረዳት የለኝም።» ረዳቱ ግራዝማች በሽጉጥ እጀታ ጥርሱን ካወለቀው ወዲህ ዘመዶቹ ጋ ስማዳ፣ ወገዳ ገብቷል።

ማንጠግቦሽ በዚህ መኪና ጋቢና ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ወንበሩ የባሏን ጠረን ይሸታል። ቀሚሷን ሰብስባ ባዶ እግሯን ፔዳሉ ላይ አኖረች።

«ርገጪ!» አለ ድምፁ ከሥር። ረገጠች። ገና እንዳልረጋ እርጎ ወረደላት። «ያዢ!» ያዘች። አንድ ነገር ከታች ፊሽሽ አለ። «ልቀቂ!» ለቀቀች። «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ቀስ በቀስ እየደነደነ መጣ፤ ከመደንደኑ ጋር የእሷም ደረት ቀለል አለ። ‹አየር ነበር፤ የእኔ ነገር አይደለም› አለች በልቧ። ‹አምላኬ፣ አየር አድርገው።›

እንየው ግን ከመኪናው ሥር ሲወጣ በእጁ ብርሌ ይዞ ነበር፤ ከፍሬኑ የወጣውን ፈሳሽ የጠራቀመበት። አጥሩ ላይ ፀሐይ አስመትቶ አኖረውና እጁን በአመድ አሸ። ሲመለስ ብርሌውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከላይ ጉሎው እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ተንሳፍፏል፤ ከታች የደፈረሰ ውሃ የመሰለ ተኝቷል።

«ጉሎና ዳግም ከተጋቡ አይፋቱም ነበር ያለኝ መምህሬ» አለ። «ይሄው እይ እታለም፣ ተፋተዋል። ከታች ያለው ውሃ ነው። ቁልቁለት ላይ ሸራው ታምቡሩን ሲፈትገው እንደ ፍም ይግላል፤ ያን ጊዜ ውሃው ቱቦው ውስጥ ይፈላል። እንፋሎትን ብትረግጪው ምን ይመልስልሻል? አሁን ስለበረደ ነው የደነደነው። መልሶ ይከዳል።» ብርሌውን አወዛወዘው። «ግን ውሃ ከየት መጣ? ከግራዝማች ጠርሙስ የበረታ ዳግም እስቴ ውስጥ የለም። ልኩን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ ጉሎው ራሱ ውሃ ነበረው ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አሁን ልትነግረው ትችል ነበር። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ‹ለምን አቀጠንሽው?› ይላታል፤ ለምን የሚለውን ስትነግረው ደግሞ የሐምሌው ማታ ይወጣል፤ የሐምሌው ማታ ከወጣ ወንድሟ ሰው ይገድላል ወይ ይገደላል። «ሌላ ዳግም ባወጣልህስ?» አለችው በዚያ ፈንታ። «እስከ ነገ ይደርሳል።» እንየው ራሱን ነቀነቀ። «ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ለእሳቸው ግን ነገ የለም፤ ጠዋት ችሎት ነው።»

መንገደኛው በዚህ ጊዜ ጆንያው ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። የቅመም ነጋዴዋ እማማ ይታይሽ የኮሰረታና የጥቁር አዝሙድ ቋጠሯቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ከታች በሚገፏቸው ጎረምሶች ላይ ይራገማሉ፤ «ቀስ በል አንተ፣ ጆንያ መሰልኩህ? ባሌ እንኳ እንዲህ ሳይነካኝ ነው የሞተው!» ሰው ይስቃል። ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት ጥግ ይዛለች። መምሬ ጥላዬም ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ለጥምቀት የተዋሱትን ጥላ ለደብረ ታቦር ደብር ሊመልሱ ነው። ማንጠግቦሽን ሲያዩ ከላይ ሆነው ባረኳት።

ግራዝማች ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። «ደንድኗል» አለ። «ታዲያ ምን ትላለህ?»

«ሲሞቅ ይከዳል፣ ጌታዬ። አሁን በበቅሎ ቢነሡ እኮ ለነገ ጠዋት ይደርሳሉ። እኔ ሰው ጭኜ በዚያ ቁልቁለት አልወርድም።»

«በበቅሎ!» ግራዝማች ሳቀ፤ ሳቁ ጥርስ እንጂ ድምፅ አልነበረውም። «ወንድሜ ከችሎቱ ደጅ ቆሞ አቧራ ለብሼ ከበቅሎ ስወርድ እንዲያይ! ‹መኪናው ተሸጠ እንዴ› እንዲል! ተገዝተሃል አላልኩም?» በማንቬላው፣ መኪናዋ በምትቀሰቀስበት ብረት፣ እንየውን ከጉልበቱ በታች መታው። እንየው ወደቀ። ሁለት ሎሌዎች ጎትተው ከባሕር ዛፉ ጋር በጠፍር አሠሩት። «እኔው እነዳታለሁ» አለ ግራዝማች። «አንድ መሪ ማዞር ትልቅ ነገር መስሎህ ነው የምትኮፈስብኝ?» በሜዳ ላይ አልፎ አልፎ ነድቶ ያውቃል። እማማ ይታይሽ ብቻ፣ «ልጁ የሚለውን ብንሰማስ…» ብለው ጀምረው፣ የግራዝማች ዓይን ሲዞርባቸው ቋጠሯቸውን አጠበቁ። ጌታ ከጫነህ አትወርድም፤ ሳይፈቅድልህ ብትወርድ ሌላ ቀን ጎጆህ ድረስ ይመጣል። እንየው ከታሠረበት፣ «ውረዱ! ስለ እግዚአብሔር ውረዱ!» ብሎ ሲጮህ ማንም አልተነቃነቀም።

ማንጠግቦሽ ሕፃን ያዘለችውን ሴት አየቻት። ሕፃኑ ነቅቶ በእናቱ ትከሻ ላይ የዳማን ጢስ ማውጫ በመገረም ያያል።

ወደ ቤት ገባች። ከምድጃው ፍም በገል ዝቃ፣ ከባሏ ራስጌ የተረፈውን ዳግም አንሥታ ወጣች። ገሉን ከመኪናዋ ፊት መሬት ላይ አኖረችና ቀና አለች።

«ግራዝማች፣ ዳግም እሳት ላይ ሲፈስ ምን ያደርጋል?»

«አብደሻል? ግቢ!»

«እናንተስ?» አለች ወደ ላይ። «ዳግም እሳት ላይ ሲፈስ ምን ያደርጋል?»

«ይነድዳል እንጂ ምን ያደርጋል» አሉ እማማ ይታይሽ። «ሰማያዊ ሆኖ ይነድዳል።»

ማንጠግቦሽ ጠርሙሱን ዘቀዘቀችው። ፍሙ ጮኸ፣ ነጭ እንፋሎት ተነሣ፣ የዝንጅብል ሽታ ግቢውን ሞላው። እንፋሎቱ ሲገለጥ ገሉ ውስጥ የቀረው ጥቁር ከሰል ነበር።

«ፍሬኑ ውስጥ ያለው ይሄ ነው» አለች። «ወንድሜ አላጠፋም። ዳግሙን ውሃ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ድምፏ ዝቅ አለ፤ ግቢው ግን ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማው። «ሲጠጡ እንዳይገድሉኝ ብዬ ነው። በሐምሌው ልጅዎን ገድለዋል።»

አንድ ጎረምሳ ከጆንያው ላይ ሳይታሰበው ሳቀ፤ «ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ነው እንዴ የሚፎክረው!» ከአፉ ሲወጣ አፉን ያዘ። መጀመሪያ ሕፃን ያዘለችው ሴት ወረደች። ከዚያ እማማ ይታይሽ ቋጠሯቸውን ወርውረው ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም፤ እየተንሸራተቱ፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ አንዱም ግራዝማችን ሳያይ። መምሬ ጥላዬ በመጨረሻ ወረዱ። ከማንጠግቦሽ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

ግራዝማች ማንቬላውን አነሣ። የመጀመሪያውን በክንዷ መከተችው፤ አጥንቷ ሲሰበር ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለ። ሁለተኛው ትከሻዋን አገኘውና በጉልበቷ ተንበረከከች። ከባሕር ዛፉ በኩል እንየው እንደ አውሬ ጮኸ፤ ጠፍሩ እጁን በላው። ሦስተኛው ሲነሣ መምሬ ጥላዬ ከመካከል ገቡ። መስቀላቸውን አልዘረጉም፤ ራሳቸው ነበር የተዘረጉት። «እኔን!» አሉ። «‹ታገሺ› ያልኳት እኔ ነኝ። እኔን ይምቱ፣ ግራዝማች።» ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል።

ግራዝማች ብረቱን እንዳነሣ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ በፍርሃት ያዩት የነበሩ ዓይኖች አሁን ሌላ ነገር ነበረባቸው። ብዙ ወር ውሃ ጠጥቶ የፎከረ ሰው ነው የሚያዩት። «ውሃ?» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «እኔ ወልደ ሩፋኤል በውሃ? በሴት ወሬ?» ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ማንቬላውን ሰክቶ በአንድ ዙር ቀሰቀሳት፤ ብረቱን ወረወረና ጋቢና ገባ። ዳማ ገብስና ባቄላዋን እንደጫነች፣ የግቢውን በር አንድ ጎን ገንጥላ ወጣች።

«በማርሽ ይያዟት!» ሲል ጮኸ እንየው። ደም የሚያንጠባጥበውን እጁን ረስቶት ነበር። «አንደኛ ያስገቡ! ፍሬኑን አይንኩት! ግራዝማች፣ በአንደኛ!»

የሰማው አይመስልም። ሞተሯ እየራቀ ሄደ። እማማ ይታይሽ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋቸው ጠፍሩን ቆረጡለትና እንየው እያነከሰ እህቱ ጋ መጥቶ ተቀመጠ። ክንዷን በነጠላዋ ደረቷ ላይ አሠረላት። ‹ለምን አልነገርሽኝም› አላላትም። ሁለቱም ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ሜዳውን ሲጨርስ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ለውጥ እንየው በጆሮው ያውቀዋል። ተለወጠ። ትንሽ ቆይቶ ማርሽ ለማስገባት ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ፤ አልገባም። ከዚያ ጥሩንባው መጣ፤ ረጅም፣ ያልተቋረጠ፣ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እያስተጋባ።

መምሬ ጥላዬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመሩ፤ ሰውም ተቀበላቸው። ጥሩንባው በወንዙ መታጠፊያ በኩል ድንገት ተቆረጠ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ነበር፤ ከገደሉ ላይ አሞራዎች ተነሡ፤ ከአሞራዎቹ በታች ቢጫ አቧራ ቀስ ብሎ ወጣ። ጎረምሶቹ ወደ ቁልቁለቱ ሮጡ። ከፊታቸው የሮጠው ከጉብታው ላይ ቆሞ ወደ ታች አየና፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሳይነግራቸው ሁሉም ገባቸው። ከሴቶቹ አንዷ እሪታዋን አቀለጠችው።

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። እንየው ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ቀኝ እግሯ አቧራው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰምጧል፤ የባቷ ጅማት እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሞተሩ ቁልቁለቱን ከጀመረ ጀምሮ ሳታውቀው መሬቱን እየረገጠች ነበር።

«ልቀቂ፣ እታለም» አላት በቀስታ። «አልቋል። ልቀቂ።»

የሌላ ሰው እግር እንደምታይ አየችው። ልታነሣው ሞከረች፤ አልነሣ አላት።